ሚስራ ያልቆጠረችው መንጋ

ነጌሌ ቦረና ላይ ስለ ሚስራ ናስር ሁለት ወሬ አለ፤ ሁለቱም ውሸት ነው። አንደኛው ኖርዌይ ድረስ ሄዳ እንግሊዝኛው ከብዷት ተባረረች ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ፈረንጅ ወዳ ፈተናዋን ሳትፈተን ቀረች ይላል። ይሄን ሁለተኛውን ያስወራችው የአክስቷ ጎረቤት ናት፤ እሷ እንደሆነች ሰው ደህና ውሎ ሲገባ እንቅልፍ የሚነሳት ሴት ናት፤ እንለፋት። እንግሊዝኛ ከበዳት ለሚለው ደግሞ መልሱ አጭር ነው፤ ይሄን የሚያወራ ሰው ሚስራ በእንግሊዝኛ ስትጨቃጨቅ አልሰማትም። እውነቱ ሌላ ነው። ማስተርሷን ለመያዝ የቀራት አንድ ቁጥር መጻፍ ብቻ ነበር። ቁጥሩም ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። አልጽፍም አለች፤ አልጻፈችም።

ነገሩ የሚጀምረው ከዱብሉቅ ነው። አባቷ ናስር በወጣትነቱ ከስልጤ አገር ወርዶ ነጌሌ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው፤ ሚስራም የተወለደችው እዚያው ከሱቁ ጓዳ ነው። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ አገር ተደናገጠ። የወንዙ ልጆች ሱቃቸውን እየዘጉ ወደየቤተሰባቸው ሲገቡ ናስር ዕቃውን አይሱዙ ላይ ጭኖ ጭራሽ ወደ ታች፣ ወደ ዱብሉቅ ወረደ። "አብደሃል እንዴ?" አሉት። "መንግሥት ስለተለወጠ ሰው ሻይ መጠጣት ያቆማል?" አላቸው። እንግዲህ ግትርነቱ የዘር ነው፤ ልጅቷ ከሜዳ አላመጣችውም።

ዱብሉቅ በሞያሌ መንገድ ላይ ያለች፣ ያኔ ከአንድ ረድፍ ቤት የማታልፍ ከተማ ነበረች። ከብት ግን ነበረ፤ ምን ዓይነት ከብት! ከከተማዋ ወጣ ብሎ ቦረናዎች ቱላ የሚሏቸው ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች አሉ። ሰዎች ከጉድጓዱ ውስጥ አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ውሃውን በባልዲ እየተቀባበሉ ወደ ገንዳው ያወጡታል። የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ ተራ የሚደለድሉት ሽማግሌ አባ ዶዮ ነበሩ። የናስር ደንበኛ ናቸው፤ ጨውና ሻይ ቅጠል ከሱ ሱቅ ሌላ አይገዙም።

ሚስራ ዱብሉቅ በገባች በጥቂት ወሯ ወባ ጣላት። ገና የአሥር ዓመት ልጅ ናት። አባ ዶዮ ይሄን ሲሰሙ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሰንበቴን ላኩ፤ ወይዘሮ ሰንበቴም ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝናቡ እስኪገባ ድረስ ጠዋት ጠዋት አንድ ጮጮ ሙሉ ወተት ይዘው ይመጡ ነበር። አንድ ቀን አልቀሩም። የማን ዘር ናት፣ ሃይማኖቷ ምንድነው ብሎ የጠየቀ የለም። ሚስራ እስከ ዛሬ "እኔን ያዳነኝ ወተቱ ነው" ትላለች። ከክሊኒክ የተሰጣት ክኒንም ነበር፤ ግን ይሄን ከሷ ጋር ማን ይከራከራል!

ከአልጋ በተነሳች በሳምንቷ ወይዘሮ ሰንበቴን ተከትላ ጉድጓዱ ዘንድ ወረደች። የአባ ዶዮ ከብቶች ተራ ነበር። ሚስራ የሱቅ ልጅ ናት፤ አባቷ ካርቶን ሲያወርድ አጠገቡ ቆማ መቁጠር ሥራዋ ነው፤ ሳሙናም ይሁን ባትሪ በፊቷ ሳይቆጠር አያልፍም። ከብቶቹ ተሰልፈው ወደ ገንዳው ሲገቡ ጣቷን ቀስራ፣ ጮክ ብላ ጀመረች። "አንድ! ሁለት! ሦስት!" ሠላሳ ምናምን ላይ ስትደርስ ከጉድጓዱ የሚወጣው ዘፈን ጸጥ አለ። ቀና ስትል ሰው ሁሉ እሷን ያያል። አባ ዶዮ ቀስ ብለው መጥተው መዳፋቸውን አፏ ላይ አደረጉ።

"ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ ከብት አይቆጠርም" አሏት።

"ታዲያ አንዷ ብትጠፋ በምን ያውቃሉ?"

"አንቺ ወንድሞችሽን ቆጥረሽ ነው የምታውቂያቸው?"

ሚስራ ወንድሞቿን አንድም ቀን ቆጥራቸው አታውቅም።

በዚያው ሰሞን ከአባ ዶዮ በረት ጅብ ጥጃ ወሰደ። ማንም ሚስራን ክፉ አልተናገራትም። እሷ ግን በመቁጠሬ ነው ብላ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ወይዘሮ ሰንበቴ መጥተው "ጅቡ ያንቺን ቁጥር ሰምቶ ነው እንዴ የመጣው? ተነሽ ብዪ!" ብለው ቢቆጧትም አልተጽናናችም። በሦስተኛው ቀን አባ ዶዮ ዘንድ ሄዳ "ሁለተኛ አልቆጥርም" አለች። እሳቸውም በቁጥር ፈንታ ስም አስተማሯት። ጥቁሯ ጉራቲ፣ ቀይዋ ዲምቱ፣ አመዳሟ ዳለቲ፤ የዲምቱ ልጅ ማን እንደሆነች፣ የሷም ልጅ ማን እንደሆነች፣ የትኛዋ ለሠርግ እንደተሰጠች፣ የትኛዋ ከየትኛው ድርቅ እንደተረፈች። እናት እናቱን እየያዙ ወደ ላይ እስከ ሰባት ትውልድ ይዘልቃሉ። ሚስራ ይሄንን ከቁርኣን ትምህርቷ ጎን ለጎን ሸመደደችው።

ለሃይስኩል ወደ ነጌሌ፣ አክስቷ ዘንድ ተመለሰች። በ1993 ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ አባቷ አካውንቲንግ እንድትማር ቢፈልግም የመረጠችው እንስሳት ሳይንስ ነው። ዶርም ውስጥ ስሟን እንኳ ሳይጠይቁ "ከየት ነሽ?" አሏት፤ "ከነጌሌ ቦረና" ስትል "ቦረናዋ" ብለው ስም አወጡላት። የስልጤ ልጆች ሲሰበሰቡ ደግሞ "አንቺማ የቆላ ሰው ሆነሻል፤ ስልጢኛሽ ይሰባበራል" ይሏታል። መጀመሪያ ያንገበግባት ነበር። በኋላ ግን ወገቧን ይዛ "አዎ፣ ቦረናዋ ነኝ! ምን ይጠበስ?" ማለት ጀመረች። ካፌ ሽሮው የቀጠነ ቀን ሰልፉ መሀል ቆማ "ይሄ ሽሮ ነው የእጅ መታጠቢያ?" ብላ የምትጮኸው እሷ ናት። ሌሎቹ ከኋላዋ ሆነው ይስቃሉ፤ ለቅጣት ስም የሚጻፍበት ቀን ሲመጣ የሚጻፈው የሷ ብቻ ነው።

የክፍሉ አንደኛ ልዑልቃል የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። ላይብረሪ ቦታ ይይዝላታል፣ ኖት ያውሳታል፤ እሷ ደግሞ ላም በቅርብ አይቶ የማያውቀውን ልጅ በተግባር ትምህርት ጊዜ ከርግጫ ታድነዋለች። ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድ መምህር ስለ አርብቶ አደር ሲያስተምር "እነዚህ ሰዎች ስንት ከብት እንዳላቸው እንኳ አያውቁም" አለ። ክፍሉ ሳቀ። ሚስራ እጇን አወጣች።

"መምህር፣ እርስዎ ለናትዎ ስንተኛ ልጅ ነዎት?"

"አራተኛ። ምነው?"

"እናትዎ እርስዎን የሚጠሩት አራተኛ ብለው ነው በስምዎ?"

ክፍሉ አሁንም ሳቀ፤ መምህሩ ግን አልሳቀም። በዚያ ኮርስ ሲ ሰጣት። ልዑልቃል "አፍሽን ብትይዢ እኮ ኤ ነበርሽ" ሲላት "ኤውን ካንተው ጋር ደርበው" አለችው። በምረቃው ቀን ናስር ከዱብሉቅ ሦስት ቀን በአውቶቡስ ተጉዞ፣ የእጅጌው ምልክት ያልተነሳለት አዲስ ኮት ለብሶ መጣ። ጋውኗን ለብሳ ሲያያት እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ አካውንቲንግ ባለመማሯ አንድ ቀን አማርሮባት አያውቅም።

ክብረ መንግሥት አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ዓመት ሠራች። ሥራዋ የከብት ብዛት ሪፖርት መሙላት ነው። ያምናው ቁጥር ላይ ትንሽ ይጨመርበትና ወደ ላይ ይላካል፤ ሲደርስ ሰው ሁሉ ያምነዋል። ሚስራ ከብት ሳያዩ ስለ ከብት የሚጻፍበትን አሠራር እለውጣለሁ ብላ የውጭ ስኮላርሺፕ ተወዳደረችና በ2001 ኖርዌይ ገባች። ልዑልቃልም እዚያው ዩኒቨርሲቲ፣ እዚያው ትምህርት ክፍል ደረሰው።

ኖርዌይ! በኅዳር ፀሐይዋ እንደ መንግሥት ሠራተኛ አርፍዳ ገብታ በጊዜ ትወጣለች። ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድቅድቅ ይላል። ምሳ ማለት ቀዝቃዛ ዳቦ ላይ የተነጠፈ ቡናማ አይብ ነው፤ ያውም ይጣፍጣል። ወተቱ ሞልቷል፤ ግን ጮጮ የታጠነበት ሽታ የለውም፤ ሚስራ እየጠጣች "ይሄ ነጭ ውሃ ነው" ትላለች። የምታማክራት ፕሮፌሰር ቱሪድ የምትባል፣ ዕድሜዋ ስድሳ የሚጠጋ፣ የገበሬ ልጅ የሆነች ረጅም ሴት ናት። "ፕሮፌሰር አትበይኝ፣ ቱሪድ በይኝ" ብላት ነበር፤ ሚስራ ታላቅን በባዶ ስሙ መጥራት አፏ እምቢ አላት። አንድ ቀን ቱሪድ ወደ ወንድሟ እርሻ ወሰደቻት። ላሞቹ ሁሉ ጆሯቸው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቢጫ ፕላስቲክ ተንጠልጥሎባቸዋል።

"ይቺ ስሟ ማነው?" አለች ሚስራ።

ቱሪድ ጆሮዋን ገልጣ ቁጥሩን አነበበችላት። ከዚያም ትንሽ አፈር ብላ፣ "አያቴ ጊዜ ስም ነበራቸው" አለች። ሚስራ ያን ቀን ወደደቻት።

የጥናቷ ርዕስ በድርቅ ጊዜ የትኞቹ ላሞች ይተርፋሉ የሚል ነበር። በ2002 ክረምት ዱብሉቅ ተመልሳ ሁለት ወር ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠች። አባ ዶዮ ሐሳቧን ሰምተው ለቃል ማሰሪያ እንደሚደረገው እርጥብ ሳር ቆርጠው ግማሹን ለሷ ሰጡ፣ ግማሹን እሳቸው ያዙ።

"ስማቸውን ጻፊ" አሏት። "የማን ልጅ እንደሆኑም ጻፊ። የቆሙትንም የሞቱትንም እነግርሻለሁ። ግን አትቁጠሪያቸው። በሰውም አታስቆጥሪያቸው። ቃልሽን ስጪኝ።"

"ሰጥቻለሁ።"

ቃሏን ስትሰጥ በኋላ ምን እንደሚገጥማት አላሰበችም ማለት አይቻልም። አስባለች። እኔ ስለ እናት ሐረግ ነው የምጽፈው፤ የትኛው ሐረግ ተረፈ፣ የትኛው ተቆረጠ እላለሁ፤ ቁጥር ምን ያደርግልኛል ብላ ነበር። ሦስት ደብተር ሙሉ ስም ጽፋ ተመለሰች።

ቱሪድ ረቂቁን አንብባ ጠራቻት። "ግሩም ነው" አለች። "እንዲህ ያለ መረጃ አይቼ አላውቅም። አሁን ሠንጠረዡን ሙዪው። ስንት ነበሩ? ስንት ሞቱ?"

"ቁጥር የለም፣ ፕሮፌሰር።"

"እንዴት የለም? ደብተሩ ላይ አለ። ስሞቹን ብትቆጥሪ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብሽም።"

"አልቆጥርም። ቃል ሰጥቻለሁ።"

ቱሪድ መነጽሯን አወለቀች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ነገሩ ግራ ገብቷት ነው። ስንት እንደነበሩ ሳይታወቅ ከስንት ስንቱ እንደሞተ ሊታወቅ አይችልም፤ ይሄ ካልታወቀ ደግሞ ጥናቱ ጥናት አይባልም ብላ በትዕግሥት አስረዳቻት። ሚስራም ገባት። ያልገባት ነገር ኖሮ አይደለም። ዲፌንሱ በሦስት ሳምንት ውስጥ ነው፤ ቁጥሩ ካልተጻፈ ዲግሪ የለም።

ወሬውን የሰማው ልዑልቃል ከሰዓት በኋላ ክፍሏ መጣ። "አንቺ ልጅ ጤና የለሽም" ብሎ ጀመረ። "አባ ዶዮ ኖርዌይ ድረስ መጥተው ደብተርሽን ሊፈትሹ ነው? ማን ያያል?"

"እኔ አያለሁ።"

"እሺ፣ አንቺ አትቁጠሪ። ደብተሩን ስጪኝና እኔ ልቁጠርልሽ። አንቺ ከደሙ ንጹሕ ነሽ።"

እዚህ ላይ መዋሸት አያስፈልግም፤ ሚስራ ልቧ ተንሸራተተ። ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋችበት ነገር ነው። አባቷ "ልጄ ማስተርሷን ልትይዝ ነው" ብሎ ያልነገረው ሰው ነጌሌ ውስጥ የለም። ደብተሮቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ምንም ሳትለው ሻይ ልታፈላ ወደ ጋራው ኩሽና ወጣች። ውሃው እስኪፈላ እዚያው ቆመች። ስትመለስ ልዑልቃል የመጀመሪያውን ገጽ ገልጦ በእስክሪብቶው ጫፍ እያንዳንዱን ስም እየነካ ይሄዳል። "አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት..."

ሻዩን የት እንዳስቀመጠችው አታስታውስም። ደብተሩን ከእጁ መንጭቃ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

"ምን ነካሽ? ራስሽ አይደለሽም እንዴ የሰጠሽኝ?"

"ሰጥቼ ነበር። አጥፍቻለሁ። ውጣልኝ!"

ልዑልቃልም ተናደደ። "አንቺ እኮ ቦረና አይደለሽም!" አላት። "ስልጤ ነሽ! የሱቅ ልጅ ነሽ! አባትሽ ዕድሜውን ሙሉ ሲቆጥር አይደል እንዴ ያሳደገሽ?"

"አባቴ የሚቆጥረው ሳሙና ነው!" ብላ በሩን ከፈተችለት። "ቦረና አይደለሽም ትለኛለህ? ታምሜ ስተኛ ወተቱን ያመጡልኝ ሰዎች ይሄን ጥያቄ አልጠየቁኝም። አንተ ማነህና ነው የምትጠይቀኝ?"

ከሄደ በኋላ ተንሰቀሰቀች። ያስለቀሳት እሱ አይደለም፤ ራሷ ናት። አሥራ ሦስት ከብት አስቆጥራለች።

በማግሥቱ አባቷ ጋ ደወለች። ናስር ያኔ ሱቁን ወደ ነጌሌ መልሶ ነበር። ነገሩን ሁሉ ሰማትና "ኧረ ልጄ" አላት፤ "አንዲት ቁጥር ምን አላት? ጽፈሽላቸው ነይ።"

"አባዬ፣ ለአባ ዶዮ ጨው ስትሰፍር አጉድለህ ታውቃለህ?"

"አስተግፊሩላህ! ምን ማለትሽ ነው!"

"አያዩህም ነበር እኮ። ሚዛን ማንበብ አይችሉም።"

ናስር ጉሮሮውን ጠረገ። "ነይ በቃ" አላት። "ባዶ እጅሽንም ብትሆኚ ነይ። ለሚያወራው እኔ አለሁለት።"

በዲፌንሱ ቀን ሦስት ፈታኞች ፊቷ ተቀመጡ። ለአንድ ሰዓት ያህል ስለ እናት ሐረጉ ተናገረች፤ የትኛዋ ላም ለምን እንደተረፈች፣ የትኛዋ በስንተኛው ወር እንደወደቀች፣ ሁሉንም በስም። ከሌላ ከተማ የመጣው ፈታኝ በመጨረሻ "ቁጥሩ የት አለ?" አላት። "እዚህ ደብተር ውስጥ አለ" አለችው። "እኔ አልቆጥርም፤ ደብተሩንም አልሰጥም። የሰዎቹ ነው፤ የኔ አይደለም። እነሱ አትቁጠሩ ካሉ ዕውቀታቸውን ብቻ ወስደን ቃላቸውን የምንጥልበት ምክንያት አይታየኝም። የናንተ ሕግ ይሄን ካልቻለ ችግሩ የሕጉ ነው።" ወጥታ እንድትጠብቅ ተደረገ። ሲጠሯት ስድስት ወር ሰጧት፤ ቆጥራ ካመጣች ዲግሪው፣ ካላመጣች ትምህርቱን ተከታተለች የሚል ወረቀት። እዚያው ቆማ ወረቀቱን ስጡኝ አለች። ቱሪድ ኮሪደር ላይ ተከትላት መጥታ "ግትር ነሽ" አለቻት፤ ዓይኗ ቀልቷል። "ነኝ" አለች ሚስራ፤ ተቃቅፈው ተለያዩ።

ልዑልቃል ማስተርሱን ያዘ፤ አሁን አዲስ አበባ ትልቅ ቦታ አለ፤ ይገባዋልም፤ ጎበዝ ነው። ሚስራ በ2003 በያዘችው ወረቀት የደረጃ ዕድገት አይሰጥም ተብላ በነበረችበት ደረጃ ዱብሉቅ ተመደበች። የአክስቷ ጎረቤት ያን ወሬ የለቀቀችው ያኔ ነው። ሚስራ አባ ዶዮ ዘንድ ሄዳ ስለ አሥራ ሦስቱም፣ ስለ ዲግሪውም ነገረቻቸው። አንድም አልደበቀችም። እሳቸውም አዳምጠው ሲጨርሱ "ቁርስ በልተሻል?" ብቻ አሏት። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ደብተሩን ይዛ ትሄዳለች፤ የተወለደችውን ትጽፋለች፣ የሞተችውን ትሠርዛለች። ሦስቱ ደብተር ዘጠኝ ሆነ።

ከዚያ 2014 መጣ። ዝናቡ አንዴ ቀረ፣ ሁለቴ ቀረ፣ አምስት ወቅት ተከታትሎ ቀረ። ስለዚያ ድርቅ ብዙ ማውራት አያስፈልግም፤ በሞያሌ መንገድ ያለፈ ሰው ግራና ቀኙን አይቷል። ሚስራ በመንገዱ ዳር የወደቁትን ብዙዎቹን በስም ታውቃቸው ነበር፤ ያ ነው ያቃጠላት።

አንድ ጠዋት አባ ዶዮ ቢሮዋ መጡ። ሰማንያን አልፈዋል። ወይዘሮ ሰንበቴ ካረፉ ሦስት ዓመታቸው ነው። "ናጋ? ሰላም ነው?" አለቻቸው፤ "ናጋ" አሉ፤ ግን ድምፃቸው ናጋ አልነበረም። ከጠረጴዛው ማዶ ቁጭ አሉና "ደብተሩን አምጪው" አሉ። "ቁጠሪልኝ።"

"አንቱ! እንዴት እንዲህ ይላሉ?"

"የእርዳታ ሰዎች ስንት ሞተ፣ ስንት ቀረ ይላሉ። ስም ነገርኳቸው፤ ስም አይጻፍም አሉ። ቃልሽን መልሼልሻለሁ። ከእንግዲህ ቁጥሩ ምን ይጎዳል? አልቀናል።"

ሚስራ እሳቸውን እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ እሳቸው ብላ ብዙ ታግሳለች፤ ያናደዳት ግን የራሷ ዲግሪ አይደለም። "አልቀናል" ያሉት ነው።

"አንድም አልቀረችም?"

"አንዲት ጊደር አለች፤ የዲምቱ ዘር፣ በዲምቱ የጠራናት። እሷም ዛሬ ነገ ነው።"

"ተነሡ፣ እንሂድ።"

ጊደሯ ከቤታቸው ጓሮ ወድቃለች። የጎድን አጥንቷ ገጦ ይታያል። በድርቅ ጊዜ የወደቀች ላም ሰው ደግፎ ካላነሳት እዚያው ትቀራለች። ሚስራ የመሥሪያ ቤት ልብሷን ሰብስባ የጊደሯን ጭራ ያዘች፤ ጎረቤቶች መጥተው በሆዷ ሥር ሸራ አሳለፉ፤ "ሆ!" ብለው አነሷት። ጊደሯ ተንቀጠቀጠች፤ ቆመች። ሚስራ ከቢሮ ያመጣችውን ፍሩሽካ በእጇ አጎረሰቻት። ከዚያ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

"የሞቱትን እቆጥርልዎታለሁ" አለች። "ቃሌን ስለመለሱልኝ፣ እርዳታውም እንዳይቀርብዎት። ይቺን ግን አልቆጥርም። የቆመችውን ለማንም አልቆጥርም፤ ለአንቱም ቢሆን!"

አባ ዶዮ ግራር ሥር ተቀመጡ። እሷም ደብተሮቹን ዘርግታ አንድ በአንድ ስማቸውን ጠራች፤ በእያንዳንዱ ስም አባ ዶዮ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ፤ እሷ አንድ መስመር ታሰምራለች። ከአሥር ዓመቷ ወዲህ ከብት ስትቆጥር የመጀመሪያዋ ነው። እንባዋ ወረቀቱ ላይ እየወረደ እስከ መጨረሻው ቆጠረች። ሲያልቅ ቁጥሩን በትንሽ ወረቀት ጽፋ አጥፋ እጃቸው ላይ አስቀመጠች፤ ጮክ ብላ አልተናገረችውም።

በሁለተኛው ቀን የእርዳታ መዝጋቢዎቹ ያሉበት ድንኳን አብራቸው ሄደች። ሰልፉ ረጅም ነው። መዝጋቢዋ ፋይዳ የምትባል ከነጌሌ የመጣች ትሑት ልጅ ናት፤ ታብሌት ይዛለች። አባ ዶዮ የታጠፈውን ወረቀት ሰጧት። ፋይዳ ቁጥሩን ስታይ ደነገጠች፤ "እግዜር ያጽናዎት፣ አባ" ብላ ጻፈችው።

"የቀረውስ ስንት ልበል?"

ሚስራ አፏን ልትከፍት ስትል አባ ዶዮ በክንዳቸው ገፋ አደረጓት።

"ዲምቱ በዪ" አሉ።

"አባ፣ ይሄ ስም አይቀበልም። ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበለው።"

ሽማግሌው በትራቸውን መሬቱ ላይ ተክለው ቀጥ ብለው ቆሙ። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተራ ሲደለድሉ የነበረው ድምፃቸው ሰልፉን ሁሉ አዞረው።

"እንግዲያው ማሽንሽ ይጠብቅ!" አሉ። "ገና ትወልዳለች!"